በመሐል አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ እየተለቀቁ የሚውሉ የእንቁላል ዶሮዎችን ማርባት፦ የአሠራር መመሪያ

በአራዳ፣ በልደታና በቂርቆስ ክፍለ ከተሞች ውስጥ ከቤቱ ጀርባ የኮክ ዛፍና የጓሮ ጎመን የሚታይባቸው አሮጌ ግቢዎች ዛሬም አሉ። ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ያለ ግቢ ላለውና ዶሮዎቹ ቀን መሬት እየጫሩ የሚውሉበት፣ ሌሊት ተዘግተው የሚያድሩበት አነስተኛ የእንቁላል እርባታ ለመጀመር ለሚያስብ ሰው ነው። ሺህ ዶሮ በአንድ ቤት ዘግቶ ማርባት ራሱን የቻለ ሌላ ሙያ ስለሆነ እዚህ አልተነሣም። በመሐል ከተማ ይህን ሥራ የሚያቆመውም የሚያፈርሰውም መሬቱ መሆኑን በራሳችን ግቢ ስላየሁ፣ ከዝርያና ከመኖ በፊት ስለ መሬቱ እጽፋለሁ።

መሬቱን መለካትና መከፋፈል

በመጀመሪያ ከመኪና ማቆሚያው፣ ከልብስ ማስጫውና ከሰው መተላለፊያው ውጪ፣ ለዶሮዎቹ ብቻ ሊተው የሚችለውን መሬት በሜትር ይለኩ። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ አንድ እንቁላል እየተለቀቀች ከምትውል ዶሮ የተገኘ ነው ተብሎ እንዲሸጥ፣ ለእያንዳንዷ ዶሮ ቢያንስ 4 ካሬ ሜትር የውጪ መሬት ያስፈልጋል፤ ይህ ልክ ለእኛም ግቢ ጥሩ መነሻ ነው። በዚህ ስሌት 120 ካሬ ሜትር ጓሮ 30 ዶሮ ይይዛል፣ 60 ካሬ ሜትር ደግሞ 15 ብቻ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የዶሮውን ቁጥር በገንዘቡ ልክ ወስኖ መሬቱን በኋላ ስለሚያስብ ነው።

እኛም አራት ኪሎ አካባቢ ባለው ግቢያችን የጀመርነው 90 ካሬ ሜትር በማትሞላ መሬት ላይ 60 ቄቦች በመልቀቅ ነበር። ግንቦት ሳያልቅ ሣሩ ተነቅሎ አለቀ፤ ሐምሌ ሲገባ መሬቱ ኩስ የተቀላቀለበት ጭቃ ሆነ። የዶሮዎቹ ጣቶች በደረቀ ጭቃ ተለብጠው እንደ ለውዝ ፍሬ ያለ ጓል በየጥፍራቸው ላይ ተንጠልጥሎ ይታይ ነበር፤ ሌሊት በዚያው እግር ቆጥ ላይ ይወጣሉ፣ ጠዋት በዚያው እግር እንቁላሉን ይረግጣሉ። ከዚያ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ መጣና ሐኪሙ ኮክሲዲዮሲስ የተባለ የአንጀት በሽታ መሆኑን ነገረን። መድኃኒቱ በሽታውን ቢያቆመውም መሬቱን ግን ሊያድንልን አልቻለም፤ ቁጥሩን በሦስተኛ ወሩ በግማሽ ቀነስን።

ስለዚህ የለኩትን መሬት በሽቦ ወይም በቀርከሃ አጥር ቢያንስ ሦስት ቦታ ይክፈሉት። ዶሮዎቹን በአንደኛው ክፍል ሁለት ሳምንት ያውሉና ወደ ቀጣዩ ያዛውሩ፤ እንዲህ ሲደረግ እያንዳንዱ ክፍል አራት ሳምንት ያርፋል። ባረፈው ክፍል ላይ የተጠቀጠቀውን አፈር በመቆፈሪያ ቀስቅሰው ገብስ፣ አጃ ወይም አልፋልፋ ይዝሩበት። የአንጀት ትላትል እንቁላል አፈር ውስጥ ለብዙ ወራት ሊቆይ ስለሚችል እረፍቱ በሽታን ፈጽሞ አያጠፋም፤ ነገር ግን ፀሐይና ድርቀት የሚገድሉትን ይገድላሉ፣ ሣሩም ነፍስ ይዘራል። የአጥሩ ቁመት ከ1.5 ሜትር ማነስ የለበትም፤ እየበረረች የምታስቸግር ዶሮ ካለች የአንደኛው ክንፏን ረጃጅም ላባዎች ጫፍ ብቻ በመቀስ ይከርክሙላት።

ክረምቱ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ዶሮን በረጠበ መሬት ላይ ማዋል ማለት ግቢውን ማጥፋት ስለሆነ፣ ከዶሮ ቤቱ በር ፊት ለፊት ጥቂት ካሬ ሜትር ላይ ቆርቆሮ ወይም ሸራ ዘርግተው፣ መሬቱን 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ፍልጥ ስብርባሪ፣ ሰጋቱራና ደረቅ ቅጠል ይሸፍኑት። ዶሮዎቹ ዝናባማውን ቀን እዚያው እየጫሩ ይውላሉ፤ ጓሮው የሚከፈትላቸው አባርቶ መሬቱ እግር የማይዝ ሲሆን ብቻ ነው። የከተማችን ግቢዎች አብዛኞቹ ተዳፋት ስለሆኑ ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ የሚያስቀይስ ቦይ ከሰኔ በፊት መቆፈር አለበት።

ፈቃድና ጎረቤት

በመሐል ከተማ ግቢ ማለት አብዛኛውን ጊዜ የጋራ አጥር ማለት ነው። ዶሮ ከመግዛትዎ በፊት ወደ ወረዳው የከተማ ግብርና ባለሙያዎች ሄደው ስለ ደንቡ ይጠይቁ፤ በዚያውም ስለ ክትባትና ስለ ሥልጠና ይነግሩዎታል፤ በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የሚሰጠው ትኩረት ጨምሯል። ቤቱ የቀበሌ ከሆነ ወይም ግቢው የጋራ ከሆነ የሁሉንም አባወራና እማወራ ስምምነት አስቀድሞ ማግኘት ግድ ነው። አውራ ዶሮ አያስፈልግም፤ ዶሮ ያለ አውራም እንቁላል ትጥላለች፣ የጎረቤት እንቅልፍም አይረበሽም።

የማደሪያ ቤቱ

ለ30 ዶሮ 2 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ቤት ይበቃል፤ ይህም በአንድ ካሬ ሜትር 5 ዶሮ ማለት ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ቢሆን ለማጽዳትም አይጥን ለመከላከልም ይመረጣል፤ በላዩ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሰጋቱራ ወይም የተከተፈ ጭድ ይነጠፋል። ከጣሪያው ሥር በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች ላይ ሰፊ የአየር መግቢያ ይተዉ። አዲስ አበባ በአማካይ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ብዙ ሰው ቤቱን እንዲያፍን ያደርገዋል፤ ይሁንና ላባ የሸፈናትን ዶሮ ከብርዱ ይልቅ የሚጎዳት የታፈነ የኩስ ጋዝ ነው። ይህን ለማወቅ ጠዋት በሩን ሲከፍቱ ቁጢጥ ብለው በዶሮዋ ቁመት ልክ ይተንፍሱ፤ ዓይንዎን ካቃጠለዎ ጉዝጓዙ መገልበጥ ወይም መቀየር አለበት።

ቆጡ ልጡ የተላጠ፣ ውፍረቱ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ የባሕር ዛፍ እንጨት ቢሆን ጥሩ ነው። ለአንዲት ዶሮ ከ15 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ስለሚያስፈልግ ባለ 2 ሜትር ሦስት እንጨት ለ30 ዶሮ ይበቃል። ለ5 ዶሮ አንድ መጣያ በማሰብ ስድስት የእንቁላል መጣያ ሣጥኖች ያዘጋጁ፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በአንድ ጎኑ ተቆርጦ ጭድ ቢገባበት ከጣውላ ሣጥን አያንስም። መጣያው ከቆጡ ዝቅ ብሎ በጨለም ያለ ጥግ መቀመጥ አለበት፤ ከቆጡ ከፍ ካለ ዶሮዎቹ እዚያ እያደሩ ያቆሽሹታል።

የሌሊት ጠላቶቹ ሸለምጥማጥና አይጥ ናቸው። ሸለምጥማጥ ሰፊ ዓይን ባለው የዶሮ ሽቦ በኩል እጁን አስገብቶ ዶሮዋን እዚያው ቆጥ ላይ ሊገድላት ስለሚችል፣ የአየር መግቢያዎቹ ዓይኑ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙም በማይበልጥ ጠንካራ ሽቦ መሸፈን አለባቸው።

ቄብ መግዛትና ጊዜውን መምረጥ

ለጀማሪ የአንድ ቀን ጫጩት አልመክርም፤ ሙቀት መስጠቱ፣ የክትባቱ መደራረብና ሞቱ ልምድ ይጠይቃሉ። በገበያው የተለመደው የ45 ቀን ቄብ ነው፤ ሲገዙ ግን የተከተበችውን ክትባት ከነቀኑ የያዘ ወረቀት ይጠይቁ፤ ወረቀት የሌለውን ቄብ በርካሽም ቢሆን አይግዙ።

ከዝርያ አንፃር ቦቫንስ ብራውንና ሎህማን ብራውን የተባሉት የፈረንጅ ዶሮዎች በደንብ ከተያዙ በዓመት ወደ 300 እንቁላል ይጥላሉ። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ብቻ ብትጥልም ጭልፊትን ታውቃለች፣ በሽታንም በተሻለ ትቋቋማለች። ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ገብስማው ኮይኮይ በመሐል ያለ ነው፤ ለሥጋም ለእንቁላልም ይሆናል፣ ጓሮም ይስማማዋል። በእኔ አስተያየት ግቢው ዛፍና ጥላ ካለው ቦቫንስ፣ ገላጣ ከሆነ ኮይኮይ ይሻላል። የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ዶሮዎች ግን ፈጽሞ አይቀላቅሉ።

ጊዜውን የሚወስነው የጾም አቆጣጠር ነው። በሁዳዴ 55 ቀናትና በፍልሰታ የእንቁላል ፈላጊ በጣም ይቀንሳል፤ ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽና ለገና ደግሞ እንቁላል ይጠፋል። ቄቧ መጣል የምትጀምረው በ20ኛው ሳምንት ገደማ ስለሆነ፣ በኅዳር መጨረሻ ወይም በታኅሣሥ መጀመሪያ የተገዛች የ45 ቀን ቄብ መጋቢት ላይ ትጀምራለች። የመጀመሪያዎቹ ትንንሽ እንቁላሎች በጾሙ ወቅት ያልፋሉ፤ እንቁላሉ በመጠንም በቁጥርም የሚሞላው ወደ ፋሲካ ሲጠጋና ከዚያም በኋላ ነው።

መልቀቅን ማለማመድ

ቄቦቹ እንደመጡ ለአንድ ሳምንት ከቤት አይውጡ፤ ቤታቸው የት እንደሆነ የሚያውቁት በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ ከምሽቱ መኖ አንድ ሰዓት ቀደም ብለው ይልቀቋቸው፤ ስለሚርባቸው የመኖውን ጣሳ ድምፅ ሲሰሙ ራሳቸው ይገባሉ። ሰዓቱን ቀስ በቀስ ያራዝሙት። መጣል ሲጀምሩ በሩን ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት አይክፈቱ፤ አብዛኞቹ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ጠዋት ስለሆነ ቀድመው ከወጡ እንቁላሉ በኮሸም ሥር ሲፈለግ ይውላል። ማታ ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ቆጥ ላይ ያሉትን ቆጥረው በሩን ይዝጉ።

የቀን ስጋት ከላይ ነው። በከተማው ሰማይ ላይ የሚያንዣብቡት ጭልፊቶች ገላጣ መሬት ላይ ያለን ቄብ ለመንጠቅ ብዙ አይቸገሩም። ሲባጎ በየግማሽ ሜትሩ ከአጥር አጥር መወጠር፣ በየቦታው ዶሮዋ ሮጣ የምትገባበት ዝቅተኛ ዳስ መሥራትና ቁጥቋጦ መትከል ብዙ ይረዳል። ከዛፍ ሥር ደግሞ ደረቅ አፈርና የእንጨት አመድ የተቀላቀለበት ጉድጓድ ያዘጋጁ፤ ዶሮዎቹ እየተንከባለሉበት ቅማልና ቁንጫቸውን ያራግፋሉ።

መኖ፣ ውሃና ብርሃን

ጓሮ መዋል መኖን አይተካም። ጥቂት ነፍሳትና ሣር ለቀለምና ለጤና ቢረዱም፣ እንቁላል የምትጥል ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም የተመጣጠነ መኖ ያስፈልጋታል፤ 30 ዶሮ በወር አንድ ኩንታል ገደማ ይበላል ማለት ነው። መኖው 16 ወይም 17 በመቶ ፕሮቲንና ከ3.5 በመቶ ያላነሰ ካልሲየም ሊኖረው ይገባል። መጀመሪያ ላይ የተዘጋጀ የእንቁላል ጣይ መኖ መግዛት ይመረጣል። ራሱ ለሚቀላቅል ሰው ለ100 ኪሎ ግራም 50 ኪሎ በቆሎ፣ 16 ኪሎ የአኩሪ አተር ፋጉሎ፣ 12 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ 12 ኪሎ የስንዴ ፉርሽካ፣ 8 ኪሎ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ፣ 1 ኪሎ የአጥንት ዱቄት፣ ግማሽ ኪሎ ጨውና ግማሽ ኪሎ የቫይታሚንና ማዕድን ድብልቅ መነሻ ሊሆነው ይችላል። የድብልቁን መጠን ከመግዛትዎ በፊት ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ጋር ያስተያዩ። ያልተቆላ ወይም ያልበሰለ አኩሪ አተር የፕሮቲን መፈጨትን ስለሚያውክ አይሰጥም። የኖራ ድንጋይ ሲባልም ለግድግዳ ቀለም የሚሆነው የተቃጠለ ኖራ አይደለም፤ እርሱ አፍና አንጀት ያቃጥላል። ከመኖው ሌላ የኖራ ድንጋይ ጠጠር ወይም ተቆልቶ የተደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት በተለየ ዕቃ ሁልጊዜ ይቀመጥላቸው።

የአገራችን በቆሎ በአብዛኛው ነጭ ስለሆነ በእርሱ ብቻ የበላች ዶሮ አስኳሏ ይገረጣል። ደንበኛው «የሐበሻ እንቁላል» ብሎ የሚወደው ያ ጥልቅ ቢጫ የሚመጣው ከአረንጓዴ ቅጠል ነው። ከጉልት የሚጣለውን የጎመንና የቆስጣ ቅጠል ሰብስበው በገመድ አስረው ከመሬት ከፍ አድርገው ይስቀሉላቸው። ከጁስ ቤት የሚመጣ ተረፈ ምርት ግን በጥንቃቄ ይታይ፤ የአቮካዶ ልጣጭና ፍሬ ለወፍ ዘር መርዝ ነው። የቡና አተላ፣ ጨው የበዛበት የወጥ ትራፊና የሻገተ እንጀራም አይሰጥም። ፋጉሎ ሲገዙ እፍኝ ይዘው ያሽትቱ፤ የሻጋታ ሽታ ካለው ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊኖርበት ስለሚችል ይተዉት።

ውሃ የመኖው እጥፍ ያህል ያስፈልጋል፤ ለ30 ዶሮ በቀን 7 ሊትር ገደማ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቢያንስ የአንድ ሳምንት ክምችት በተከደነ በርሜል ወይም ሮቶ ይኑርዎ፤ ለግማሽ ቀን ውሃ የተጠማች ዶሮ እንቁላሏን ትቀንሳለች።

በአዲስ አበባ ቀኑ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ተኩል ብቻ ስለሚረዝም፣ ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ለሚስማማት የፈረንጅ ዶሮ አይበቃም። ዶሮዎቹ መጣል ሊጀምሩ ሲሉ በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት እየጨመሩ፣ አነስተኛ አምፖል ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ እስኪነጋ እንዲበራ ያድርጉ። ጭማሪው በማታ ሳይሆን በንጋት ቢሆን ይሻላል፤ ማታ መብራቱ በድንገት ሲጠፋ ቆጥ ላይ ያልወጡት በጨለማ ይቀራሉ።

ፈንግልንና ሌሎች በሽታዎችን መከላከል

በዚህ ክፍል አንባቢው እንዳይቸኩል እለምናለሁ። ፈንግል ወደ መሐል ከተማ ግቢ የሚገባበት ዋናው በር የበዓል ዶሮ ነው። ከመርካቶ ወይም ከሾላ ገበያ ከየአገሩ ከመጡ ዶሮዎች መካከል ውሎ የመጣ አውራ፣ ጤነኛ መስሎ በሽታውን ሊያመጣ ይችላል። በአንድ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ቤታችን የመጣው አውራ ለአንድ ሌሊት ብቻ ከዶሮ ቤቱ ምሰሶ ጋር ታስሮ አደረ። በስድስተኛው ቀን ሁለት ዶሮዎች አንገታቸው ተጣምሞ ወደ ኋላ ሲዞር፣ ሌሎቹ አፋቸውን ከፍተው ሲያቃስቱ አየን፤ አረንጓዴ ተቅማጥም ነበር። ከ28ቱ 19ኙ ሞቱ። የክትባታቸው ጊዜ ሁለት ወር አልፎ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ቀኑን አልጻፍኩትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የምንከተለው ሥርዓት ይህ ነው። የበዓል ዶሮ በግቢው ሌላ ጫፍ ይታሰራል፤ የሚይዘው ሰው ጫማ ቀይሮና እጁን ታጥቦ ካልሆነ ወደ ዶሮዎቹ አይሄድም፤ ላባውና የሆድ ዕቃው በጥልቅ ይቀበራል። አዲስ የተገዛ ዶሮ ቢያንስ ለ14 ቀን ተለይቶ ይቆያል። በዶሮ ቤቱ በር ላይ የሚጠለቅ አንድ ጥንድ ቦቲ ሁልጊዜ ይቀመጣል።

የፈንግል ክትባት በመጀመሪያው ሳምንት ገደማ በሚሰጠው ኤች ቢ ዋን ይጀመርና በላሶታ ይከተላል፤ የጉምቦሮ ክትባት በመሐል ይገባል፤ የዶሮ ፈንጣጣና የዶሮ ታይፎይድ ክትባቶች በሐኪም ምክር ይጨመራሉ። ቄብ የገዛ ሰው ከእነዚህ የቀሩትን ብቻ ያሟላል፤ ከዚያም ላሶታን በየሦስት ወሩ ይደግማል። ክትባቶቹን ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት ያመርታል። አንድ ብልቃጥ ከጥቂት ዶሮዎች ፍላጎት በላይ ስለሚይዝና ከተበጠበጠ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማለቅ ስላለበት፣ ዶሮ ካላቸው ጎረቤቶች ጋር ቀን ቆርጦ በአንድነት መከተብ ወጪውንም በሽታውንም ይቀንሳል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ክትባቱን ይገድለዋል፤ ስለዚህ ውሃውን በክፍት ዕቃ አሳድረው፣ በአንድ ሊትር 2 ግራም ተኩል ያህል ቅባት የሌለው የወተት ዱቄት በጥብጠው ከዚያ ክትባቱን ይጨምሩ። ከመከተቡ በፊት ሁለት ሰዓት ውሃ ይከልከሉ።

እንቁላሉንና ሒሳቡን መያዝ

እንቁላል በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓትና ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ይሰብሰብ። ቅርፊቱ የተፈጥሮ መከላከያ ስላለው በውሃ አይታጠብም፤ ጥቂት እድፍ በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል፣ በጣም የቆሸሸው ለቤት ይቀራል። ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አድርገው በቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡ፤ የተጣለበትን ቀን በእርሳስ ቅርፊቱ ላይ ይጻፉ። ዶሮዎቹ መድኃኒት ሲወስዱ ሐኪሙ የወሰነው ቀን እስኪያልፍ ድረስ እንቁላሉ አይሸጥም።

የቦቫንስን እንቁላል የሐበሻ ነው ብሎ መሸጥ ነውር ነው፤ አያስፈልግምም። ደንበኛው ግቢው መጥቶ ዶሮዎቹ ሲጭሩ ካየ፣ ለአስኳሉ ቀለምና ለትኩስነቱ ከሱቁ ዋጋ በላይ ይከፍላል። አስር ወይም አሥራ ሁለት ቋሚ ቤተሰቦች የ30 ዶሮን እንቁላል ይጨርሳሉ፤ በጾም ወቅት ደግሞ በሰፈሩ ያሉ የማይጾሙ ደንበኞችንና ኬክ ቤቶችን አስቀድሞ ማነጋገር ይገባል።

ዋጋ ሲተምኑ ከመኖ ይነሡ። 30 ዶሮ በቀን 3.5 ኪሎ ገደማ በልቶ 23 እንቁላል ቢጥል፣ አንዱ እንቁላል 150 ግራም መኖ ፈጀ ማለት ነው። መኖ ከጠቅላላው ወጪ ሁለት ሦስተኛውን ያህል ስለሚይዝ፣ የ150 ግራሙን ዋጋ በአንድ ተኩል ሲያበዙት እንቁላሉ የፈጀውን ያገኛሉ። ለስሌት ያህል የመኖው ኪሎ 50 ብር ቢሆን የመኖው ድርሻ 7 ብር ከ50፣ የእንቁላሉ ወጪ 11 ብር ከ25 ይሆናል። በየቀኑ የተሰበሰበውን፣ የተበላውንና የሞተውን በአንድ ደብተር ይመዝግቡ፤ እንቁላሉ በሁለት ቀን ውስጥ ከአስር በመቶ በላይ ከቀነሰ መጀመሪያ ውሃውን፣ ቀጥሎ መኖውን፣ ከዚያ ዶሮዎቹን ይመርምሩ።

ኩሱና የዙሩ መጨረሻ

ከቤቱ የሚወጣው ጉዝጓዝ ከሁለት እጥፍ ደረቅ ቅጠል ጋር ተደባልቆ፣ ረጠብ ብሎና በየሳምንቱ እየተገላበጠ ለሦስት ወር ያህል ይብላላ። ትኩሱ ኩስ ተክል ያቃጥላል፤ የበሰለው ግን በየመንገዱ ዳር ያሉ ችግኝና አበባ ሻጮች የሚፈልጉት ማዳበሪያ ይሆናል። ክምሩን ከጎረቤት መስኮት አርቀው ይከምሩት፤ ዝንብ ከታየ ደረቅ ቅጠል ይጨምሩበት።

ዶሮዎቹ ከ75 እስከ 80 ሳምንት ሲሞላቸው እንቁላላቸው ይቀንሳል፣ ቅርፊቱም ይሳሳል። ከላይ በተጠቀሰው ጊዜ የተገዙ ቄቦች ይህ ዕድሜ የሚደርስባቸው በሁለተኛው ዓመት የፋሲካ ሰሞን ነውና ለበዓሉ ይሸጡ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አውጥተው ቤቱን ጠርገው፣ በሳሙና አጥበው፣ ግድግዳውንና የቆጡን ስንጥቅ በኖራ ይቀቡ። ቤቱን ቢያንስ ሦስት ሳምንት፣ መሬቱን ግን ክረምቱን በሙሉ ባዶ ይተዉት፤ በዚያ ጓሮ ላይ ሰኔ የሚተከል ጎመን መስከረም ላይ ቅጠሉ እንደ ሰፌድ ሰፍቶ ይገኛል። አዲሶቹን ቄቦች የሚያስገቡት ጎመኑ ተቆርጦ መሬቱ ዳግም ሣር ሲይዝ፣ ኅዳር ላይ ነው።